ቴምፕሌቱ በየት በኩል ያልፋል? የግል ክላውድና የማከማቻ ኔትወርክ

ብሮድኮም ቪኤምዌርን የገዛበት ውል የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ነው። ወር ሳይሞላ ኩባንያው አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ መሸጥ አቆመና ሁሉንም በየጊዜው ወደሚታደስ የደንበኝነት ክፍያ አዞረው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ብዙ ትንንሽ ተቋማትና ተማሪዎች የሚገለገሉበት የቪኤምዌር ነፃው የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር፣ ኢኤስኤክስአይ፣ ቀረ። ከዓመት በላይ ቆይቶ በኤፕሪል 2025 ቢመለስም የብዙዎቹ ልብ ያን ጊዜ ሸፍቶ ነበር።

ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ክፍት ሶፍትዌሮቹ፣ ማለትም ወደ ፕሮክስሞክስ፣ ወደ ኦፕንስታክና ወደ አፓቼ ክላውድስታክ ነው። እነዚህም መጪውን ለመቀበል ተዘጋጅተው ጠበቁ። ፕሮክስሞክስ በማርች 2024 ቨርቹዋል ማሽኖችን ከኢኤስኤክስአይ በቀጥታ የሚያስገባ መሣሪያ አወጣ። ክላውድስታክም በዚያው ዓመት መጀመሪያ በተለቀቀው 4.19 ስሪቱ ከቪኤምዌር በሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው የቨርቹዋላይዜሽን ሶፍትዌር፣ ወደ ኬቪኤም፣ ማሻገሪያ ጨመረ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ተቋማትም ቅርብ ነው። ላይሰንስ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሬ ነው። የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የተተመነ የሶፍትዌር ክፍያ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃው የት እንደተቀመጠና ማን እንደሚደርስበት ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ግድ ነው። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተር ከፍተዋል፤ ሰርቨሩን የሚያኖርበት ቦታ የሚፈልግ ተቋም አማራጭ አለው። ስለዚህ «የራሳችን ክላውድ ይኑረን» የሚለው ሐሳብ ጊዜውን የጠበቀ ነው፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ።

የሚያሳስበኝ የአገነባቡ ነገር ነው። ቪኤምዌርን ለዓመታት ያስተዳደረ ባለሙያ ብዙውን የዲዛይን ውሳኔ ከሻጩና ከአማካሪው ተወስኖ ያገኘው ነበር። በክፍት ሶፍትዌር ላይ ያ ውሳኔ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ የማከማቻ ኔትወርክ ነው፤ በግዥ ሰነድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ መስመር እንኳ አይሰጠውም። የሰርቨሩ ብዛት፣ የፕሮሰሰሩ ትውልድ፣ የሜሞሪው መጠን በዝርዝር ይጻፋል። አንድ ቴምፕሌት፣ ማለትም አዳዲስ ማሽኖች የሚፈጠሩበት የተዘጋጀ የዲስክ ፋይል፣ ከተቀመጠበት ተነስቶ ቨርቹዋል ማሽን እስኪሆን ድረስ በየትኛው ገመድ፣ በየትኛው ስዊችና በየትኛው አድራሻ በኩል እንደሚያልፍ ግን አይጻፍም። የግል ክላውድ የሚጸናው ይህ መንገድ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ማከማቻ፣ አንድ አስተላላፊ

ክላውድስታክን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሥራው በ2008 ቪኤምኦፕስ በተባለ ጀማሪ ኩባንያ ተጀመረ፤ በ2010 ክላውድ ዶት ኮም ተባለ፤ በ2011 ሲትሪክስ ገዛው፤ በ2012 ለአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተሰጠ፤ በ2013 ሙሉ የአፓቼ ፕሮጀክት ሆነ። ቀኖቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ከአሥር ዓመት በላይ በሥራ የተፈተነ በመሆኑ ጥንካሬውም ድክመቱም በደንብ ይታወቃል።

ክላውድስታክ ማከማቻን በሁለት ይከፍላል። ፕራይመሪ ስቶሬጅ የሚሠሩት ቨርቹዋል ማሽኖች ዲስክ ያለበት ነው፤ ማሽኑ በበራ ቁጥር፣ ዳታቤዝ አንድ መስመር በጻፈ ቁጥር የሚነካው እሱን ነው። ሰከንደሪ ስቶሬጅ ደግሞ ቴምፕሌት፣ የመጫኛ አይኤስኦ ፋይልና ስናፕሾት የሚቀመጥበት ጎተራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ይሆናል። ፕራይመሪው ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሰከንደሪው ስፋት። ፕራይመሪው ለአንድ ሆስት (ማሽኖቹን ለሚሸከመው ሰርቨር)፣ ለአንድ ክላስተር (ለሆስቶች ቡድን) ወይም ለመላው ዞን (አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዳታ ሴንተር) ሊመደብ ይችላል፤ ሰከንደሪው ዞኑን በሙሉ ያገለግላል።

ሰከንደሪውን የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን አለ። ባለሙያዎች ኤስኤስቪኤም ይሉታል። ክላውድስታክ ራሱ ያስነሳዋል፣ ቢወድቅም መልሶ ያስነሳዋል። ከማኔጅመንት ሰርቨሩ ጋር በ8250 ቁጥር ፖርት ይገናኛል፤ ከኢንተርኔት ቴምፕሌት ያወርዳል፤ ተጠቃሚው ከራሱ ኮምፒውተር የጫነውን ፋይል ይቀበላል፤ ወደ ሌላ ዞን የሚሄደውንም ያስተላልፋል። በኬቪኤም ላይ አራት የኔትወርክ ካርድ አለው፤ አንዱ ከሚሠራበት ሆስት ጋር የሚገናኝበት፣ አንዱ የማኔጅመንት፣ አንዱ ወደ ውጭ የሚወጣበት፣ አንዱ ደግሞ የስቶሬጅ ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተሳሳተ አድራሻ ወይም የተዘጋ መንገድ ካለ ክላውዱ የተሟላ መስሎ ይቆማል እንጂ አይሠራም።

የቴምፕሌት ጉዞ

አስተዳዳሪው አንድ የኡቡንቱ ቴምፕሌት አድራሻ ሰጥቶ ሲያስመዘግብ የመጀመሪያው ጉዞ ይጀምራል። ኤስኤስቪኤሙ ፋይሉን በፐብሊክ ካርዱ በኩል አውርዶ በስቶሬጅ ካርዱ በኩል ወደ ሰከንደሪው ይጽፈዋል፣ የማረጋገጫ ድምሩንም ከተሰጠው ጋር ያመሳክራል። የሰከንደሪውን ማውጫ ከፍቶ ላየው ሰው ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ቴምፕሌት የሚል ማህደር አለ፤ በውስጡ በባለቤቱ አካውንት ቁጥርና በቴምፕሌቱ ቁጥር የተሰየሙ ማህደሮች ይገኛሉ፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ የዲስክ ፋይሉና ቴምፕሌት ዶት ፕሮፐርቲስ የተባለች ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጠዋል። ይህች ፋይል የቴምፕሌቱን ዓይነት፣ መጠንና ስም ትይዛለች። የዲስክ ፋይሉ ደህና ሆኖ እሷ ብትጠፋ ወይም ብትበላሽ ቴምፕሌቱ ለክላውድስታክ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ሰከንደሪው ላይ በእጅ ፋይል ማንቀሳቀስ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበት አንድ ቅንብር አለ። ቴምፕሌቱ ያለው በኢንተርኔት ሳይሆን በተቋሙ የውስጥ ሰርቨር ላይ ከሆነ ኤስኤስቪኤሙ በፐብሊክ ካርዱ ወጥቶ ሊያገኘው አይችልም። የውስጥ አድራሻዎቹ በተፈቀዱ የውስጥ ጣቢያዎች ዝርዝር ውስጥ ካልገቡ በቀር ማውረዱ ሳይጀመር ይቀራል። ብዙ ሰው ፋየርዎሉን ሲፈትሽ ይውላል፤ መፍትሔው ግን ያለው በግሎባል ሴቲንጉ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዞ የሚጀምረው አንድ ተጠቃሚ በዚያ ቴምፕሌት የመጀመሪያውን ማሽን ሲጠይቅ ነው። ቴምፕሌቱ ከሰከንደሪው ወደ ፕራይመሪው መቀዳት አለበት። ይህ ለአንድ ፕራይመሪ ስቶሬጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል፤ በኬቪኤም ላይ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ማሽኖች የተቀዳውን ቴምፕሌት እንደ መነሻ ይዘው የየራሳቸውን ለውጥ ብቻ ለብቻ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ማሽን ደቂቃዎች ሲፈጅ ሁለተኛው በሰከንዶች የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ አሠራር ሌላ ገጽታም መዘንጋት የለበትም። ሃምሳ ማሽን በአንድ መነሻ ፋይል ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ያ ፋይል ሲበላሽ ሃምሳውም ይወድቃል።

ሦስተኛው ጉዞ ተቃራኒ ነው። ስናፕሾት ከፕራይመሪው ተነስቶ ወደ ሰከንደሪው ይሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ሁሉም ማሽን በአንድ ሰዓት። የቴምፕሌቱን መንገድ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ የማከማቻ ኔትወርክን ስፋት ማስላት ያለብን በአማካይ ቀን ሳይሆን የቴምፕሌቱና የስናፕሾቱ ጉዞዎች በሚገጣጠሙበት ሰዓት ነው።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ ዩኒቨርሲቲ 20 ሆስት አለው እንበል፤ እያንዳንዱ ሆስት የራሱን የውስጥ ዲስክ እንደ ፕራይመሪ ይጠቀማል። መምህሩ ለላብራቶሪ ሥራ 50 ጊጋባይት የሚመዝን ቴምፕሌት አዘጋጅቷል፤ ሰኞ ጠዋት በየሆስቱ አንድ፣ በድምሩ 20 ማሽን በአንድ ጊዜ እንዲነሳ አዘዘ። ፕራይመሪው በሆስት ቁጥር ልክ ስለሆነ ቴምፕሌቱ 20 ጊዜ መቀዳት አለበት። ጠቅላላው 1 ቴራባይት ይሆናል።

ሰከንደሪው የተገናኘው በ1 ጊጋቢት መስመር ከሆነ፣ መስመሩ በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋባይት ያሳልፋል። አንዱን ቅጂ ብቻ ማሳለፍ 400 ሰከንድ፣ ማለትም ከ6 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ሃያውን ማሳለፍ 8000 ሰከንድ ይሆናል፤ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ። ይህ እንግዲህ መስመሩን ሌላ ምንም ሳይጋራው ነው። ስናፕሾት፣ የማኔጅመንት ትራፊክና ሌላውም ተጋርቶት ግማሹ ብቻ ቢተርፍ 16000 ሰከንድ ያስፈልጋል።

ክላውድስታክ ቴምፕሌት ወደ ፕራይመሪ እስኪቀዳ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ በነባሪ ቅንብሩ 10800 ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ነው። የእኛ ሥራ ከገደቡ አለፈ። ሃያዎቹ ቅጂዎች መስመሩን እኩል ተካፍለው አብረው ሲጓዙ ስለቆዩ የጊዜ ገደቡም አብሮ ያገኛቸዋል። ከሃያው አሥሩ ደርሶ አሥሩ ቀረ የሚባልበት ዕድል አነስተኛ ነው፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይከሽፋሉ። ተስፋ ቆርጦ እንደገና የሚሞክር አስተዳዳሪም ያንኑ ሦስት ሰዓት ይደግመዋል።

መስመሩ 10 ጊጋቢት ቢሆን ሃያውም ቅጂ በ800 ሰከንድ፣ ከሩብ ሰዓት በታች ያልቅ ነበር፤ ዲስኩ እስከቻለ ድረስ። ቴምፕሌቱን አስቀድሞ በየተራ ወደ ሆስቶቹ ማድረስም ያለ ምንም ወጪ ችግሩን ያቃልለዋል። እሑድ ማታ በየሆስቱ አንድ አንድ ማሽን በየተራ አስነስቶ ማጥፋት ለሰኞ ጠዋት ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ክላውድስታክ ማንም የማይገለገልበትን ቴምፕሌት ከፕራይመሪው ላይ ጠርጎ ሊያነሳ ስለሚችል፣ የማጽጃ ቅንብሩን ሳያዩ ቅጂው ሁሌ እዚያው ይኖራል ብሎ ማሰብ ያሳስታል።

ስቶሬጅ ኔትወርክ ምኑን ይሸከማል?

ክላውድስታክ አራት ዓይነት ትራፊክ ይለያል፦ የማኔጅመንት፣ የፐብሊክ፣ የጌስትና የስቶሬጅ። አዲስ ገንቢ ስቶሬጅ የሚለውን ሲያይ የማከማቻ ነገር ሁሉ በዚያ የሚያልፍ ይመስለዋል፤ ምርጡን ገመድ ይሰጠዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ይህ ትራፊክ ኤስኤስቪኤሙ ከሰከንደሪው ጋር የሚለዋወጠው ብቻ ነው። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ከዲስካቸው ጋር የሚነጋገሩበት የፕራይመሪ ትራፊክ እዚህ ውስጥ የለበትም። እሱን ሆስቱ በሊኑክሱ የራውቲንግ ሠንጠረዥ መሠረት ያስተላልፈዋል፤ ክላውድስታክ መንገዱን አይመርጥለትም። ስቶሬጅ ኔትወርክ ጭራሽ ካልተለየም ኤስኤስቪኤሙ በማኔጅመንቱ በኩል ይሠራል።

ሁለተኛውም ነጥብ እንዲሁ ይዘነጋል። በኬቪኤም ላይ ቴምፕሌቱን ከሰከንደሪ ወደ ፕራይመሪ የሚቀዳው ሆስቱ ራሱ ነው። የሰከንደሪውን የኤንኤፍኤስ ማውጫ በራሱ ላይ ማውንት ያደርግና ፋይሉን አንብቦ ወደ ፕራይመሪው ይጽፋል። ሰከንደሪው ለብቻው በተለየ ቪላን (ምናባዊ ኔትወርክ) ውስጥ ከተቀመጠና ሆስቶቹ በዚያ ቪላን ውስጥ አድራሻ ከሌላቸው፣ ትራፊኩ ወይ በራውተር ዞሮ ይመጣል፣ ወይ በፋየርዎል ይታገዳል። ሲታገድ ምልክቱ ሁሌ አንድ ነው። በድር ገጹ ላይ ቴምፕሌቱ ወርዶ አልቋል፣ ዝግጁ ነው ይላል፤ ማሽን ልፍጠር ሲባል ግን አይሆንም። ኤስኤስቪኤሙ መንገድ አለው፤ ሆስቱ የለውም። ይህን ምልክት ያየ ባለሙያ በቀጥታ ወደ ሆስቱ ገብቶ የሰከንደሪውን ማውጫ በእጁ ማውንት አድርጎ ቢሞክር በደቂቃዎች ውስጥ እውነቱን ያገኛል።

ሆስቱ ራሱን ሲያጠፋ

የትራፊክ መለያየት ቅንጦት እንዳልሆነ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የኬቪኤም ሆስቶች የልብ ትርታ ነው። ፕራይመሪው ኤንኤፍኤስ ሲሆን እያንዳንዱ ሆስት «በሕይወት አለሁ» የሚል ምልክት በየጊዜው በፕራይመሪው ላይ ይጽፋል። ደጋግሞ ሞክሮ መጻፍ ካቃተው ራሱን በድንገት አጥፍቶ እንደገና ያስነሳል፤ ማሽኖቹን በሥርዓት አያጠፋም፣ ወዲያውኑ ይቆርጣል።

ይህ በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። ከማከማቻው የተለየ ሆስት ማሽኖቹን እያሠራ ቢቀጥልና ክላውድስታክ ደግሞ ሞቷል ብሎ ማሽኖቹን በሌላ ሆስት ላይ ቢያስነሳቸው፣ በአንድ ዲስክ ላይ ሁለት ማሽን ይጽፍና መረጃው እስከወዲያኛው ይበላሻል። ራሱን የሚያጠፋው ሆስት መረጃውን እያዳነ ነው።

አሁን የሰኞ ጠዋቱን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት እንለውጠው። የሆስቶቹ ዲስክ የጋራ የኤንኤፍኤስ ፕራይመሪ ነው፤ ሰከንደሪውም ያው የኤንኤፍኤስ ሰርቨር ነው፤ ገመዱም አንድ። ብዙ ትልልቅ ቴምፕሌቶች በአንድ ጊዜ መቀዳት ጀመሩ፣ የሌሊቱ ስናፕሾትም ገና አላለቀም። ሰርቨሩ ተጨናንቆ መልስ መስጠት አቃተው፤ የልብ ትርታው ጽሑፍ ተራው ሳይደርሰው ጊዜው አለፈ። አንድ ሆስት ራሱን አጥፍቶ እንደገና ተነሳ። በእሱ ላይ የነበሩት ማሽኖች ሌሎች ሆስቶች ላይ መነሳት ጀመሩና ጭነቱን አባሱት። ሁለተኛው ሆስት ተከተለ። ፋይል በመቅዳት የተጀመረ ሥራ ከቴምፕሌቱ ጋር ጨርሶ የማይገናኙትን የሬጅስትራርና የፋይናንስ ሰርቨሮች ይዞ ወረደ። በመዝገቡ ላይ የሚገኘው «ሆስቱ ጠፋ» የሚል መስመር ነው፤ ቴምፕሌት የሚል ቃል የለበትም። ምክንያቱን ያልደረሰበት ቡድን አዲስ ሰርቨር ይገዛል።

መድኃኒቱ የሚታወቅ ነው። ፕራይመሪና ሰከንደሪ በተለያየ ሰርቨር፣ ቢያንስ በተለያየ የኔትወርክ ካርድ ይሁኑ። ይህ ካልተቻለ በስዊቹ ላይ ለፕራይመሪው ቅድሚያ ይሰጠው፣ በአንድ ጊዜ የሚሄዱ ስናፕሾቶች ቁጥርም ይገደብ።

ትንንሽ ነገሮች፣ ትልቅ መዘዝ

ማከማቻ ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ሰው ቶሎ የሚያውቃቸው ሌሎች ወጥመዶችም አሉ። አንዱ ኤምቲዩ ነው። የተለመደው የፓኬት መጠን 1500 ባይት ነው፤ ለማከማቻ ብዙዎች ወደ 9000 ያሳድጉታል። ሆስቱም ሰርቨሩም 9000 ሆነው በመካከል ያለ አንድ የስዊች ፖርት በ1500 ቢቀር፣ ፒንግ ይሠራል፣ ማውንት ይሠራል፣ የማውጫው ዝርዝርም ይታያል። ትልቅ ፋይል መቅዳት ሲጀመር ግን ሁሉም ነገር ደርቆ ይቀራል። ፈተናው ቀላል ነው። ፒንግን «አትከፋፍል» በሚል ትእዛዝ በ8972 ባይት መላክ ነው፤ 28ቱን ባይት የአይፒና የአይሲኤምፒ ራስጌ ይወስደዋል። ይህ ካለፈ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካላለፈ ስለ ሶፍትዌሩ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው።

ሌላው ሁለት ገመድ አጣምሮ ፍጥነት እጥፍ ሆነ ብሎ ማሰብ ነው። በኤልኤሲፒ የተጣመሩ ሁለት የ10 ጊጋቢት ገመዶች አንድን የቲሲፒ ግንኙነት በሁለቱም ላይ አይበትኑትም። ሰከንደሪውን በአንድ ግንኙነት የሚያነብ አንድ ሆስት ያለው 10 ጊጋቢት ነው። ጥምረቱ የሚጠቅመው ብዙ ሆስቶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩና አንዱ ገመድ ሲበጠስ ነው። በሊኑክስ ከርነል 5.3 የመጣው በአንድ ማውንት ብዙ ግንኙነት የመክፈት አማራጭ ነገሩን ያሻሽለዋል፤ ሳያስቡት ግን በራሱ አይበራም።

ሦስተኛው ለአገራችን በተለይ የሚያሰጋ ነው። በክላውድስታክ የመጫኛ መመሪያ ላይ ያለው የኤንኤፍኤስ ምሳሌ ማውጫውን በአሲንክ አማራጭ ያጋራል። ይህ ማለት ሰርቨሩ መረጃው ዲስክ ላይ ሳያርፍ «ጽፌያለሁ» ብሎ ይመልሳል። ለሙከራ ፈጣን ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበትና ዩፒኤሱ ባረጀበት ክፍል ውስጥ ግን ተጽፏል የተባለው ቴምፕሌት ግማሹ የለም ማለት ነው፤ የሚገርመው ደግሞ ጉድለቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ማሽን ሲነሳበት ነው። ፕራይመሪ ላይ ሲሆን ጉዳቱ የከፋ ነው። ምሳሌውን ገልብጦ ወደ ሥራ ማስገባት አይገባም፤ ሲንክ ይሁን፣ ፍጥነቱም በተሻለ ዲስክ ይካካስ።

ሌሎቹ እንዴት ያደርጉታል?

እ.ኤ.አ. በ2010 በራክስፔስና በናሳ የተጀመረው ኦፕንስታክ ቴምፕሌቱን ኢሜጅ ይለዋል፤ የሚጠብቀውም ግላንስ የተባለው ክፍል ነው። በመደበኛው አሠራር ማሽን የሚያስነሳው ሆስት ኢሜጁን ከግላንስ በኤችቲቲፒ ያወርድና በራሱ ዲስክ ላይ እንደ መነሻ ያኖረዋል፤ ቀጣዮቹ ማሽኖች በዚያ ላይ ይቆማሉ። የዩኒቨርሲቲው ስሌት እዚህም ይሠራል፤ ሆስት በበዛ ቁጥር ቅጂ ይበዛል።

መልኩ የሚለወጠው ሴፍ ሲገባ ነው። ሴፍ በሳንታ ክሩዝ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሴጅ ዋይል የዶክትሬት ጥናት የተወለደ፣ ብዙ ሰርቨሮችን እንደ አንድ ማከማቻ የሚያሠራ ሶፍትዌር ነው። ግላንስም የማሽኖቹም ዲስክ በአንድ የሴፍ ክላስተር ላይ ሲሆኑ ቴምፕሌቱ ከቦታው አይንቀሳቀስም። አዲሱ ዲስክ ከቴምፕሌቱ ጋር በማጣቀሻ ይያያዛል፤ የሚለወጠው ብቻ ይጻፋል። 50 ጊጋባይቱ በሰከንዶች ዝግጁ ይሆናል፤ በገመዱ ላይም አይጓዝም። ቅድመ ሁኔታው ኢሜጁ ሮው በሚባለው ቅርጽ መቀመጡ ነው። በኪውካው ቅርጽ ከገባ ሆስቱ ያወርደዋል፣ ይለውጠዋል፣ መልሶ ይጭነዋል፤ ትርፉ በሙሉ ይጠፋል። ሴፍ ተክለን ለምን ዘገየ የሚሉ ሁሉ መጀመሪያ ማየት ያለባቸው የኢሜጃቸውን ቅርጽ ነው።

ሴፍም ግን ኔትወርኩን በነፃ አይተወውም። እያንዳንዱ መረጃ በሦስት ቅጂ ሲቀመጥ፣ አንድ ጊጋባይት የጻፈ ማሽን በሴፍ ሰርቨሮች መካከል ተጨማሪ ሁለት ጊጋባይት ያስነሳል። አንድ ዲስክ ሲሞት ደግሞ ቅጂዎቹን መልሶ ለማሟላት ብዙ መረጃ ይጓዛል። ሴፍ ለደንበኞችና ለውስጥ ቅጂ ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮች እንዲሰጡት የሚፈቅደው ለዚህ ነው።

ክላውድስታክም ከ4.11 ስሪት ጀምሮ ለኬቪኤም ሌላ መንገድ ከፍቷል፤ ሆስቱ ቴምፕሌቱን ከምንጩ በቀጥታ ወደ ፕራይመሪ ያወርዳል፣ ሰከንደሪው ይዘለላል። ምንጩ ፈጣን የውስጥ ሰርቨር ለሆነ ተቋም ጥሩ ነው። ምንጩ ባሕር ማዶ ከሆነ ግን ሥራችን የሚቆመው በሌላ ሰው ሰርቨር ደግነትና በኢንተርኔቱ ላይ ነው።

ከዞን ወደ ዞን

ሁለት ዳታ ሴንተር ያለው ተቋም ቴምፕሌቱን ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ሲቀዳ አቅጣጫው ይለያል። የመድረሻው ዞን ኤስኤስቪኤም ከምንጩ ዞን ኤስኤስቪኤም ፋይሉን እንደ ድር ገጽ ያወርደዋል፤ የሚያልፈውም በፐብሊክ ኔትወርኩ ነው። የዝውውሩ ምስጠራ በነባሪው አልበራም፤ ሰርተፍኬት አዘጋጅቶ ማብራት የባለቤቱ ሥራ ነው። ቴምፕሌት ባዶ ሲስተም ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የተረሱ የይለፍ ቃሎች፣ የዳታቤዝ አድራሻዎች፣ አንዳንዴም የሰዎች መዝገብ ይገኙበታል። የዳታ ጥበቃን በአዋጅ የያዘች አገር ውስጥ ያለ ተቋም ይህን ፋይል ሳይመሰጠር በፐብሊክ መስመር ማሳለፍ የለበትም።

ይህም ወደ ቴምፕሌቱ ይዘት ይወስደናል። ቴምፕሌት እርሾ ነው፤ የተበላሸ እርሾ ሊጡን ሁሉ ያበላሻል። ሳይጸዳ የተወሰደ የሊኑክስ ቴምፕሌት የኤስኤስኤች ሰርቨር ቁልፎቹንና የማሽን መለያ ቁጥሩን ይዞ ስለሚሄድ፣ ከእሱ የተነሱ መቶ ማሽኖች አንድ ዓይነት ቁልፍ ይይዛሉ፤ የአንዱን ቁልፍ የሰረቀ የሁሉንም ሰረቀ። ዊንዶውስ ከሆነ በሲስፕሬፕ፣ ሊኑክስ ከሆነ መለያዎቹን አጥፍቶ በክላውድ ኢኒት ማዘጋጀት ግዴታ ነው። ይህ ሥራ የፍጥነትም ትርፍ አለው። ትርፍ ፋይሎቹ የተጠረጉለት፣ ባዶ ቦታው የታመቀ ቴምፕሌት ከብዙ አሥር ጊጋባይት ወደ ጥቂት ሊወርድ ይችላል። በስሌታችን ላይ 50ው ወደ 5 ቢወርድ የሁለት ሰዓቱ ጉዞ በዚያው አሮጌ ገመድ ወደ 13 ደቂቃ ያጥራል።

ለትንሹ ተቋምስ?

«ሦስት ሰርቨር ላለው ቢሮ ይህ ሁሉ ይበዛል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ከፊል እውነት አለው። ሦስት ሆስትና አሥራ አምስት ማሽን ያለው ቢሮ የሴፍ ክላስተርም አራት የተለያየ ስዊችም አያስፈልገውም። ምናልባት ፕሮክስሞክስ ከአንድ ጥሩ የኤንኤፍኤስ ሰርቨር ጋር ይበቃዋል፤ ፕሮክስሞክስም ከቴምፕሌት ጋር ተያይዞ የሚነሳና ሙሉ በሙሉ የሚቀዳ ሁለት ዓይነት ማሽን ይሰጣል፣ ምርጫውም ከላይ ያየነው ነው። ለትንሹ የሚቀንሰው የዕቃው ብዛት ነው። መንገዱን ማወቅ ግን አይቀንስም። አንድ ገመድ ላይ በቪላን ተለይቶ የተሠራ ንጹሕ ዲዛይን፣ በአሥር ገመድ ከተሠራ ያልታሰበበት ዲዛይን ይሻላል።

በሌላ በኩል ክላውድ መገንባት የጀመሩ ትልልቅ ተቋማት፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች «ትንሽ ነን» ማለት አይችሉም። ከላይሰንስ ያዳኑት ገንዘብ አንድ ክፍል በዚህ ላይ ይዋል። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ኔትወርኩ፣ ዲስኩና የሰው ዕውቀት ነፃ አይደሉም።

የጨረታ ሰነድ ለምታዘጋጁ፣ ቴክኒካል ግምገማ ላይ ለምትቀመጡና ሰርቨር ክፍሉን ለተረከባችሁ ባለሙያዎች ጥያቄዬ ግልጽ ነው። ሰርቨሩ ከመገዛቱ በፊት አንድ ገጽ ሥዕል ሥሩ፤ በእሱ ላይ ፕራይመሪውን፣ ሰከንደሪውን፣ ኤስኤስቪኤሙንና ሆስቶቹን አስቀምጡ፤ የቴምፕሌቱን፣ የስናፕሾቱንና የማሽኖቹን ዲስክ ትራፊክ በሦስት የተለያየ ቀለም አሳዩ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ስፋቱን በቁጥር ጻፉ። ትልቁን ቴምፕሌታችሁን በሆስቶቻችሁ ቁጥር አባዙትና ለመስመሩ አካፍሉት፤ ውጤቱ ከሦስት ሰዓት ካለፈ ያ ዲዛይን ገና አላለቀም። ርክክቡንም «ማሽን ተነሳ» በሚል አትፈርሙ፤ ሆስቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አዲስ ቴምፕሌት ሲቀዱ፣ ስናፕሾት በሚሄድበት ሰዓት፣ አንድ የማከማቻ ገመድ ተነቅሎ የቆመ ክላውድ ስታዩ ፈርሙ።